ሳይለመኑ የማይበሉ ጎብኚዎች

የተወለድኩበት አገር የራበው ሰው «አሁን ነው የበላሁት» ይላል። የምኖርበት አገር ደግሞ የጠገበ ሰው «የቀረውን ቋጥሩልኝ» ብሎ ይዞ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአውሮፕላን ቢለካ አንድ ቀን አይሞላም። በሆድ ሲለካ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ግን ባርቤዶስ በምትባል ደሴት ላይ፣ ምግብ ልጎበኝ በተሳፈርኩባት ሚኒባስ ውስጥ ነው።

ምግብ ልጎበኝ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር አለ። የሽርሽር መርከብ አንድ ወደብ ላይ ለቀኑ ይቆማል፤ መንገደኛው ይወርድና በአስጎብኚ እየተመራ ከቤት ቤት እየዞረ የአገሩን ምግብና መጠጥ ይቀምሳል። እኛ ሰፈር ከቤት ቤት እየዞረ የሚቀምስ ሰው ሌላ ስም ነበረው፤ እዚህ ቱሪስት ይባላል። ጋሼ ወርቅነህ ነገሩ መጀመሪያ ሲነገራቸው «የሚጎበኝ የታመመ ሰው ነው። ምግብ ምን ሆነና ነው የምንጎበኘው?» ብለው ነበር።

ጋሼ ወርቅነህ የማርታ አባት ናቸው። ማርታ ማን እንደሆነች ለመናገር ደግሞ ሦስት ዓመት የፈጀብኝ ሰው ነኝና ትንሽ ታገሱኝ። ማርታ እጮኛዬ ናት። ይህን እሷ ታውቃለች፣ እኔ አውቃለሁ። አባቷ ዘንድ ግን እኔ «ያ የሊፍቱ ልጅ» ነኝ። ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ እኖራለሁ፤ ሥራዬም የእነዚያኑ ፎቆች ሊፍት መጠገን ነው። አንድ ጊዜ ጋሼ የታመመ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ሊፍቱ ሁለት ፎቅ መሐል ላይ ቆሞባቸው ነበር። በሩን ፈልቅቄ እጃቸውን ይዤ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። እንደሚያመሰግኑኝ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ሊፍቱን ያቆምኩት እኔ ይመስል ከዚያ ወዲህ ባዩኝ ቁጥር ደረጃ ይፈልጋሉ።

ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ቶሮንቶ ደግሞ ሽማግሌ የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም፤ ዳንፎርዝ ጎዳና ብትወጡ በአንድ ማኪያቶ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የሚገፋ የተከበረ ሰው ሞልቷል። ችግሩ ጋሼ ወርቅነህ ከሁሉም ጋር መጣላታቸው ነው። የመጀመሪያውን ሽማግሌ ብለምናቸው በእድር ሊቀመንበርነት ምክንያት ከጋሼ ጋር ሰላምታ የላቸውም። ሁለተኛው ስካርቦሮ በሚባለው ሰፈር የጋሼ ጎረቤት ናቸው፤ የደጃቸውን በረዶ ጠርገው የጋሼ መኪና አፍንጫ ላይ ስለቆለሉት አጥር ለአጥር እየተያዩ ዝም ይባባላሉ። ሦስተኛው የልጃቸው ሠርግ ላይ ጋሼን ከድምፅ ማጉያው ሥር አስቀምጠዋቸው ነበር። ጋሼ እስካሁን የግራ ጆሯቸውን ባሳከካቸው ቁጥር የሰውየውን ስም ያነሳሉ። እንዲህ እያልኩ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ከተማውን ባስስ፣ ከጋሼ ጋር ያልተጣላ ሽማግሌ ጠፋ። ያልተጣሉም ነበሩ፤ እነሱ ግን ገና ስላላወቋቸው ነው።

ታዲያ ራሴ ሄጄ እንዳልጠይቅ፣ እሱ አይታሰብም። ለራሱ ሚስት ለመጠየቅ በሰው በር የቆመ ሰው ዘመድ የሌለው ብቻ ሳይሆን አፍረት የሌለው ነው። ማርታ እዚሁ ተወልዳ ስላደገች ይህ አይገባትም። «ጀስት ቶክ ቱ ሂም» ትለኛለች፤ ስካርቦሮ ሄዶ የሞቀ ሾርባ ማዘዝ የመሰለ ነገር አድርጋው።

በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ከፈጁበት ዳቦ ፋብሪካ ጡረታ ሲወጡ፣ ለእሳቸውና ለእናቷ ለእትዬ ዘነበች የካሪቢያን የመርከብ ሽርሽር ሰጠቻቸው፤ እሷም አብራ ልትሄድ። እኔንም «ቲኬት ቁረጥ» አለችኝ። «መርከቡ ፍሎሪዳ ሳይመለስ አባቴ ካላወቀ፣ እኔም አላውቅህም።»

ድምፅዋን አላነሳችም። እንደ እናቷ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

መርከቡ በተነሳ ማግስት ምግብ አዳራሹ በር ላይ «በአጋጣሚ» ተገናኘን። ማርታ «ኦ ማይ ጋድ» ብላ አፏን ያዘች፤ ትወናው ትንሽ በዝቶ ነበር። እኔም «ጋሼ፣ እርስዎም እዚህ ኖት?» አልኩ። ጋሼ ማርታን አዩ፣ ባሕሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ስካርቦሮ አንድ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተገናኝተን የማናውቅ ሰዎች ውቅያኖስ መሐል ተገናኘን።

«ዓለም ጠባብ ናት» አሉ ጋሼ። ከዚያ ደረጃ ፈለጉ።

ባርቤዶስ የመጨረሻዋ ማረፊያ ነበረች። ከእሷ በኋላ መርከቡ የትም ሳይቆም ወደ ፍሎሪዳ ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ ለጋሼ የተናገርኩት ነገር ቢኖር «ባሕሩ ዛሬ ረጋ አለ» የሚለው ነው፤ እሱንም ባሕሩ ሳይረጋ። የዚያን ቀን ጠዋት እትዬ ዘነበች ሞገዱ ሆዳቸውን ገልብጦባቸው ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ከጋሼ ጋር የምግብና መጠጥ ጉብኝት ሊሄዱ ተመዝግበው ነበር። ማርታ እናቷን ልታስታምም ቀረችና የእናቷን ቲኬት እኔ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«ዛሬ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እንግዲህ ለማስታወስ ያህል፣ ጊዜው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ዐቢይ ጾም አልገባም። ቀኑም ሐሙስ ነበር። ማለትም እኔና ጋሼ ያን ቀን የማንበላበት አንድም ሃይማኖታዊ ምክንያት አልነበረንም። እንዲያውም ጋሼ «ግብዣ የተጠራ ሰው ቁርስ በልቶ አይሄድም» ብለው የመርከቡን ቁርስ ዘለሉት። እሳቸው የዘለሉትን እኔ ረግጬ ላልፍ አልችልም፤ እኔም ዘለልኩት።

ሚኒባሷ ውስጥ አራት መንገደኞች ነበርን። ከእኔና ከጋሼ ሌላ፣ ዳግና ሊንዳ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ምዕራብ ካናዳ፣ ሳስካችዋን ስንዴ ሲያርሱ ኖረው ያረጁ ሰዎች። ዳግ ጆሮው ስለሚከብደው የሚያደርገውን ማዳመጫ መርከቡ ላይ ረስቶ ስለወረደ ሲያወራ ከእርሻ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ ነው። የምታስጎበኘንም የምትነዳውም ግሎሪያ የምትባል የአገሩ ሴት ናት፤ ትልቅ የገለባ ባርኔጣ ያላት፣ ሥራዋን የምትወድ፣ እያሳቀች የምታስተምር። ጋሼ ከፊት ከጎኗ ተቀመጡ። በመንገዱ ሁሉ ስለ ሸንኮራ አገዳ እርሻ የምታወራውን በጥሞና አዳመጡ። ሆዳቸው ግን መሐል እየገባ ያቋርጣት ነበር።

የመጀመሪያው ማረፊያ ባሕር ዳር የቆመች ጎጆ ናት። አንዲት ሴትዮ ዓሣና ዱቄት በቃሪያ ለውሳ፣ እያንከባለለች ዘይት ውስጥ ትጥላለች። ሽታው ከመኪናው ሳንወርድ ተቀበለን። ግሎሪያ ትኩሱን በትሪ ይዛ ወደ ጋሼ ቀረበች።

«ትንሽ ይቀምሳሉ?»

«ኖ ኖ፣ ታንክ ዩ፣ አይ አም ኦኬ» አሉ ጋሼ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ብለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እናንተ የምታውቁትን ለእናንተ መንገሬ ቢሆንም፣ ይህ «ኖ» እምቢታ አይደለም። ሰላምታ ነው። «የሰው ምግብ አይቼ የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ ካስቸገርሽኝ ግን እበላለሁ» ማለት ነው። አስተናጋጅ ይህን ሰምታ «ኧረ ምን በወጣዎት» ትላለች። እንግዳው ሁለተኛ እምቢ ይላል፤ ሁለተኛው እናት ያስተማረችው ነው። ሦስተኛው ላይ «በሞቴ» ይመጣል። ሰው በሞቱ ከለመነ በኋላ አልበላም ማለት ግድያ ስለሆነ፣ እንግዳው እያዘነ ይበላል። ያደግነው በዚህ ነው። በአንድ ድንች ወጥ ጉዳይ ላይ ሞት ይጠራል።

ግሎሪያ ግን «ኖ ፕሮብሌም» አለችና ትሪውን ወደ ዳግ አዞረች።

ጋሼ ትሪውን በዓይናቸው ሸኙት። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አይደለም፤ ሰው ሰላም ብሎ እጁን ዘርግቶ ሳይጨብጡት ሲቀሩ የሚሰማው ነው። ትሪው ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። አባት ሳይጎርስ ልጅ አይጎርስም፤ በተለይ ልጅ ለመሆን የሚያመለክት ሰው። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ዳግ የራሱን፣ ቀጥሎ የእኛን በላ።

«ጋሼ፣ በሞቴ ትንሽ ይቅመሱ» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ቤቱ ያንተ ነው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እንግዳ እንግዳን አይለምንም።

ሁለተኛው ቤት መኮሮኒ በአይብ ተደርጎ በምድጃ የሚጋገርበት ነበር። ላዩ ወርቅ መስሎ ኩፍ ብሏል። ከጎኑ የተጠበሰ ዶሮ አለ። ግሎሪያ ጠየቀች፣ ጋሼ ጎንበስ አሉ፣ ግሎሪያ «ኖ ፕሮብሌም» አለች። ይህችን «ኖ ፕሮብሌም» እስከዚያ ቀን ድረስ የደግነት ቃል አድርጌ እቆጥራት ነበር። ሊንዳ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ሐኪም ከልክሏችሁ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። «ምግቡ አላማራችሁም?» በጣም አምሮናል አልኳት። ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም፤ ዳግ ግን ሦስተኛውን ዶሮ እያነሳ «ለእኔ የተረፈ ነው» ብሎ ለባሕሩ ሁሉ አሳወቀ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ሰምቻለሁ። ምግብ ሊጎበኝ የሄደ ሰው በረሃብ ዓይኑ ሲፈዝ ያየሁት ግን በጋሼ ነው፤ መስታወት ባገኝ በራሴም።

ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ነገር ተበላሸ። ቀለም የተቀባች የእንጨት ቤት ናት፤ ሽማግሌዎች ዶሚኖ ጠረጴዛ ላይ እያጮሁ ይጫወታሉ፤ የሚጠጣው ረም ነው፣ የሸንኮራ አገዳ አረቄ። ግሎሪያ እዚህ ቤት ትጠይቃለች ብለን እጃችንን ወደ ደረታችን እያነሳን ሳለ አልጠየቀችም። ቀዳችና የእያንዳንዳችን እጅ ላይ አስቀመጠችው። የአገሩ ልማድ ነው አለች፤ እዚህ ቤት የገባ ሰው አይጠየቅም።

ጋሼ መለኪያውን አዩት። እጅ ላይ የገባ መጠጥ መመለስ ነውር ነው። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ተስተናገዱ፤ ፊታቸው ፈታ አለ፤ በአንዴ ጨለጡት።

«ካቲካላ ነው» አሉኝ። «ትምህርት ቤት የገባ ካቲካላ።»

ግሎሪያ ነጩን፣ ወርቃማውን፣ ጥቁሩን እያስከተለች ቀዳች። በባዶ ሆድ የገባ አረቄ የሚቀመጥበት ቦታ ስለማያገኝ ቀጥታ ወደ ራስ ነው የሚወጣው። ወደ መኪናው ስንመለስ መሬቱ ከመርከቡ ይበልጥ ይወዛወዝ ነበር። ጋሼ ከፊት ወንበር ላይ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ዓይናቸውን ከደኑ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ሊንዳ ቀስ ብላ «አባትህ ናቸው?» አለችኝ።

«እንዲሆኑ እየሠራሁ ነው» አልኳት።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ማርታን፣ ሦስቱን ዓመት፣ ሊፍቱን፣ የበረዶውን ክምር፣ የድምፅ ማጉያውን። ሽማግሌ ሲላክ እንዴት እንደሆነም ነገርኳት፤ ልጅቱን ካልሰጣችሁን አንቀመጥም ብለው እንደሚቆሙ፣ አባትየው ቢያንስ ሁለት ጊዜ እምቢ እንደሚል። ማርታ ዛሬ እንዳለችኝ፣ ዛሬም እየመሸ እንደሆነ። ሁሉንም በሹክሹክታ ነው የነገርኳት። ሊንዳ ደግሞ ለባሏ ነገረችው፤ ለዳግ መንገር ማለት ለደሴቲቱ መንገር ነው።

«ልጅቷን ነው የሚፈልገው?» አለ ዳግ። መረባቸውን የሚያደርቁ ዓሣ አጥማጆች ዞረው አዩን። «ልጅየዋን? የእኚህን ልጅ?»

ጋሼን አየሁ። ዓይናቸው እንደተከደነ ነው። ተኝተዋል ብዬ አመንኩ። ማመን የፈለገ ሰው ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም።

የመጨረሻው ቤት ኮረብታ ላይ ነው፤ ከበረንዳው ወደቡ ይታያል፣ መርከባችንም ነጭ ሆኖ ቆሟል። ባለቤትየዋ ትልቅ ድስት ላይ ጎንበስ ብላ የበቆሎ ዱቄት ከባሚያ ጋር በእንጨት ማማሰያ ታማስላለች። ክንዷ እስኪዝል ታሽከረክረዋለች። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ገንፎ» አሉ በቀስታ። «መሐሉን አጎድጉደው ቅቤና በርበሬ አላደረጉበትም እንጂ፣ ገንፎ ነው።»

ግሎሪያ ሳህኑን ይዛ መጣች፤ ከገንፎው ጎን በሎሚ የተጠበሰ ዓሣ አለ። ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ኖ፣ ታንክ ዩ» ሲሉ ድምፃቸው መሐል ላይ ተሰነጠቀ። ግሎሪያ ሳህኑን መለሰች።

አላስቻለኝም። ግሎሪያን ወደ ጓዳ በር ሳብ አድርጌ የሦስቱን እምቢታ ሕግ ከሥር መሠረቱ አስረዳኋት። ባርኔጣዋን አወለቀች።

«ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ርቧቸዋል ማለት ነው?»

«ሁለታችንንም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽማ ምኑን ይሉኝታ ሆነ።»

ጥቂት አሰበችና ሳህኑን እንደገና አነሳች። ሊንዳ ከጠረጴዛው ማዶ ሁሉንም ትሰማለች። ግሎሪያ ጋሼ ፊት ቆመች። ይብሉ አለቻቸው። አይ፣ ደህና ነኝ አሉ። ይብሉ እንጂ አለች። ኧረ አትቸገሪ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ማብራት ጀምሯል። በሦስተኛው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ሳይበሉ ከዚህ ቤት ቢወጡ ሬሳዬን ተራምደው ነው» አለቻቸው።

ጋሼ ቀና አሉ። በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ፣ «በሞቴ» ተባሉ።

«እንግዲህ ካልሽ» አሉ፤ ማንኪያም አነሱ። እሳቸው ሲጎርሱ እኔም ጎረስኩ። ስለዚያ ገንፎ ብዙ ማለት አልችልም፤ ሳላኝከው ነው ያለቀው።

ሁለተኛውን ሳህን ስንጀምር ሊንዳ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «ስንት ሽማግሌ ነው የሚያስፈልገው?»

«ሦስት ቢሆኑ ጥሩ ነው» አልኳት አፌ ሞልቶ። «የተከበሩ፣ ከልጅቱ አባት ጋር ያልተጣሉ።»

ለምን እንደጠየቀችኝ የገባኝ ሦስቱም ሲነሱ ነው። ዳግ ቆቡን አውልቆ ብብቱ ሥር ያዘ። ሊንዳ ሻርፗን አስተካከለች። ግሎሪያ ከመሐል ሆነች። መጥተው ጋሼ ፊት ተሰለፉ። እኔ ጠረጴዛው ሥር መግባት ፈለግሁ፤ ገንፎው ግን አላስጎነበሰኝም።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ጋሼ።

«አንቀመጥም» አለች ሊንዳ።

የጋሼ ማንኪያ አየር ላይ ቆመ። ይህችን ቃል ያውቋታል። ራሳቸው ከሰው ሁሉ ተጣልተው ከመጨረሳቸው በፊት፣ በስንት ሰው ሳሎን ቆመው ብለዋታል። ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ፤ አፋቸውን ጠረጉ፤ ጀርባቸውን አቀኑ። ሰክረው የነበሩት ሰውዬ ጠፉና ዳኛ ተቀመጠ።

«ስለ ልጅዎ ነው የመጣነው» አለ ዳግ። ወደቡ ላይ ያሉትም ሳይሰሙ አልቀሩም።

«ለማን?»

ሦስቱም ወደ እኔ ጠቆሙ።

«የማን ልጅ ነው?»

«ሊፍት ነው የሚሠራው» አለ ዳግ።

«ሊፍት አባት አይሆንም። የማን ልጅ ነው?»

ዳግ ዞሮ አየኝ። ልጅ ሲጠየቅ ፈላጊው ራሱ አይናገርም፤ በደንቡ ከሄድን እዚያ መገኘትም አልነበረብኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ግድግዳው ላይ የክሪኬት ቡድን ፎቶግራፍ ነበር፤ እስከዛሬ ፊታቸውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

«አባቱን አላውቅም» አለ ዳግ ከጀርባዬ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ነበር። «እሱን ግን ከጠዋት ጀምሮ አየሁት። እርስዎ አልበሉም ብሎ ሳይበላ ዋለ። ዶሮውን ዓይኑ እያየ በላሁበት፤ አንድ ቃል አልወጣውም። እኔ ብሆን ሹካውን እጄ ላይ እሰካው ነበር።»

ባለቤትየዋ ማማሰያዋን አቆመች።

«ልጄ ገና ናት» አሉ ጋሼ። «ዘመድ ላማክር። ሌላ ቀን ኑ።»

«ሌላ ቀን ሳስካችዋን ነን» አለች ሊንዳ።

«እንዲህ ያለ ነገር በመንገድ ቤት አይነገርም። አይሆንም።»

ግሎሪያ በትከሻዬ በኩል ሁለት ጣቷን አሳየችኝ፤ ሁለት ሆነ ማለቷ ነው። የዚህን ጊዜ መርከቡ ረጅም ጥሪ አሰማ። ሊንዳ ሰዓቷን አየች። ጋሼም ወደ ወደቡ አይተው «በሉ እንሂድ፣ ይተወናል» ብለው ተነሱ።

ግሎሪያ የመኪናውን ቁልፍ አውጥታ ባርኔጣዋ ውስጥ ጣለች፤ ባርኔጣውን ራሷ ላይ ደፋች። «መልስ ሳይሰጡን መኪናው አይነሳም» አለች። «መርከቡ ሄደም ቀረም፣ እኔ ቤቴ እዚሁ ነው።»

ሊንዳ ይህን አልተዘጋጀችበትም፤ ፊቷ ነጣ። ጋሼ ግን ተመልሰው ተቀመጡ። ጆሯቸውን አከኩ፤ ግራውን።

«እንግዲህ ካላችሁ» አሉ። ከዚያ በአማርኛ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ ግድግዳውን ተወውና ወዲህ ና። ሦስት ዓመት ነው የጠበቅሁህ። ሚስቴም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ ዳንፎርዝም ያውቃል። ከእኔ ጋር ያልተጣላ ሽማግሌ ቶሮንቶ ውስጥ እንደሌለ ለራሴ መች ይጠፋኛል። እስቲ ከየት ያመጣል ብዬ ነበር። አመጣህ። ልጄን ሰጥቼሃለሁ።»

ሦስት ዓመት የተመኘሁት ቃል ነው። ሌሊት እየተነሳሁ መልሱን የተለማመድኩት ነው። አፌን ከፈትኩ።

«ኧረ ጋሼ፣ አይቸገሩ» አልኩ።

እኔ አይደለሁም ያልኩት። እናቴ ናት፣ ጎረቤታችን ናቸው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ቤት በገባሁ ቁጥር ከበስተኋላ የቆነጠጠኝ እጅ ሁሉ ነው። ቃሉ ከወጣ በኋላ እጄን አየሁት፤ ደረቴ ላይ ነው።

«ምን አለ?» ጠየቀ ዳግ።

«አልፈልግም ነው የሚለው» ብለው ጋሼ በእንግሊዝኛ ተረጎሙ።

አንቀመጥም ያለችው ሊንዳ ተቀመጠች። ግሎሪያ በባርቤዶስ ቋንቋ የሆነ ነገር አለች፤ ባይተረጎምም ስለ እኔ ነው። እኔ ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሊፍት ገመድ ላይ ተንጠልጥዬ እንኳ እንዲህ አልሆንኩም። «ኧረ እፈልጋለሁ» ልል ፈለግሁ፤ ግን አንዴ አይቸገሩ ያለ ሰው ወዲያው ተስገብግቦ አምጡ ማለት እንዴት ይችላል። ማርታ መርከቡ ላይ ሆና ስትጠብቀኝ ታየችኝ።

ጋሼ ደረቴ ላይ ያለውን እጄን አዩት። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ሆዳቸው። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ጋሼ ወርቅነህ ሲስቁ ሰው አይቶ አያውቅም፣ እትዬ ዘነበችም ምናልባት በሠርጋቸው ቀን ስቀው እንደሆነ ይጠራጠራሉ።

«በሞቴ» አሉኝ።

«እንግዲህ ካሉ» አልኩ።

መርከቡ ላይ የደረስነው መሰላሉ ሊነሳ ሲል ነው። ማርታ ከላይ ቆማ ስትጠብቅ ፊታችንን እያየች ነበር።

«ነገርከው?»

«ሰጡኝ።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ይህም እውነት ነው፤ ከዚህ ሁሉ ሽምግልና መሐል እሷን የጠየቀ ሰው የለም። እዚያው፣ ቦርሳችንን የሚፈትሸው ዘበኛ ፊት ጠየቅኋት። «የስ» አለች ወዲያው።

ጋሼ ከኋላዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ጊዜ እንኳ ሳትለመን» አሉ። «አሳደግን ብለን።»

ሠርጉ በበጋው ስካርቦሮ ተደረገ። ግሎሪያ ሥራ አልፈታ ብሏት ጥቁሩን ረም ላከች። ዳግና ሊንዳ ግን ከሳስካችዋን መጡ። ጋሼ ራሳቸው አዳራሹን ዞረው ከድምፅ ማጉያው በጣም የራቀ ጠረጴዛ መረጡና የሽማግሌ ቦታ ሰጧቸው። ዳግ ክራባት አስሯል፣ የጆሮ ማዳመጫውንም አድርጓል። ከጎናቸው ያሉት የዳንፎርዝ ሽማግሌዎች ሥራቸውን የቀማቸውን ሰው በዓይናቸው ይመዝኑታል።

ምግብ መዞር ጀመረ። አስተናጋጇ እዚሁ ቶሮንቶ ያደገች የማርታ የአክስት ልጅ ናት። ትሪዋን ይዛ ዳግ ጋ ደረሰች። ዳግ ሲዘጋጅበት ከርሟል መሰለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ጎንበስም አለ።

«ኖ ኖ፣ ታንክ ዩ፣ አይ አም ኦኬ።»

«ኖ ፕሮብሌም» አለችና አለፈች።

ዳግ ትሪውን በዓይኑ ሸኘው። እኔ ሙሽራ ነኝ፣ መነሳት አልችልም፤ ማርታን ጎሸም አደረግኋት፤ እሷም አየችው። ቀድመውን ግን ጋሼ ተነስተው ነበር። አዳራሹን አቋርጠው ሄዱ፤ ከመንገድ ላይ አንድ ትሪ ያዙ፤ እንጀራውን በዶሮ ወጥ ጠቅልለው ጡጫ የሚያክል ጉርሻ ሠሩ።

«በሞቴ» አሉት።

«ኧረ ደህና ነኝ» አለ ዳግ፣ ደንቡን አክብሮ።

«እንግዲህ ካልክ» አሉ ጋሼ፤ ጉርሻውንም ከዳግ ጎን ወደተቀመጡት ጎረቤታቸው፣ በረዶ ወደቆለሉባቸው ሽማግሌ አዞሩት።

ዳግ አፉን ከፈተ። ሦስተኛውን ልመና አልጠበቀም።